ጫማ ቆጣሪው ጋሽ ጃማ

«ጋሽ ጃማ ሄደ!»

ሆዳን የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ይህችው ብቻ ነበረች፤ መጨረሻዋ ላይ ሳግ አለባት። ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ብዬ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አማቴ ከሳሎን «ማነው የሞተው?» ብላ ጮኸች። ወዲያው ደወልኩ።

«ሆዳን፣ መቼ? ምን ሆኖ?»

«ምን ይሆናል? ገቢለይ ሄደ! እርሻው ጋ! ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጓዙን ጭኖ ውልቅ። ቻው እንኳን አላለንም፣ ዘይኑ!»

ሆዳን እንዲህ ናት፤ ጡረታ የወጣን ሰው እንደ መርዶ ታረዳለች። ላወርድባት ያሰብኩትን እርግማን ዋጥ አደረግኩት፤ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር። ገቢለይም ቢሆን የሰማይ ዳር አይደለም፤ ከሐርጌሳ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። አማቴ ነገሩን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ጥቂት ቆይታ ግን «እኔንም ሳይሰናበት?» ብላ አኮረፈች።

ጡረታ እንደሚወጣ እናውቅ ነበር። ለስንብቱ ፍየል እንረድ፣ ግመል ሥጋ ይሁን እያልን ስንከራከር ከረምን፤ እሱ ግን እንባችንን ፈርቶ ይሁን ንግግር ጠልቶ፣ አመለጠን። እኔም እውነቱን ለመናገር ከፍቶኛል። በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። እንደ ጋሽ ጃማ ያናደደኝ የለም፤ እንደ ጋሽ ጃማ የምወደውም የለም።

መሥሪያ ቤታችን ትራንዚት ነው። በበርበራ ወደብ የሚራገፈውን ዕቃ ቶጎ ውጫሌ ጠረፍ አድርሶ ወደ ኢትዮጵያ ያሻግራል። የኛ፣ የስድስቱ ሴቶች ሥራ ስልክ ማንሳት ነው። ነጋዴው ከጅግጅጋ ወይም ከአዲስ አበባ ደውሎ «ኮንቴይነሬ የት ደረሰ?» ይላል። ሾፌሩ ጠረፍ ላይ ቆሞ «ወረቀት ጎደለህ አሉኝ፣ ምን ላድርግ?» ይላል። እኛ በአማርኛም፣ በሶማልኛም፣ በኦሮምኛም መላ እንፈልጋለን። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ሾፌር አግብቼ፣ እሱን ተከትዬ ሐርጌሳ ገባሁ፤ ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከናቱ ጋር እንኖራለን። እሱ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ ስልክ ላይ።

ጋሽ ጃማ ማናጀራችን ነበር። የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ነገር ግን ድሬዳዋ ነው ያደገው፤ ትምህርቱንም፣ ተረቡንም፣ አማርኛውንም ያገኘው እዚያ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ከዘራ የማይለየው ሰው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «መነጽሬን ያየ?» እያለ ቢሮውን ያስሳል። ሲናደድ አይጮህም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል፤ መወልወሉ ከረዘመ ነገር አለ ማለት ነው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን «እርስዎ» ብዬ ስጠራው ከዘራውን መሬት ላይ መታ አደረገ።

«አቦ፣ ድሬ ላይ እርስዎ የሚባል ሰው የለም። አንተ በይኝ። ጋሽም በይኝ። እዚህ አገር ሁሉም አጎቴ ይለኛል፤ ከናንተ በቀር ጋሽ የሚለኝ ማን አለ?»

ወሎ ያሳደጋት ሴት አባቷን የሚያህል ሰው አንተ ለማለት ምላሷ ይተሳሰራል። ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ አሁን ግን ይኸው፣ እሱ እያልኩ ነው የማወራላችሁ።

ቢሮአችን ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ የተከራየነው ቪላ ነው። ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ ጫማ የሚወልቀው በር ላይ ነው። ጋሽ ጃማ ከሁላችንም ቀድሞ ይመጣል፤ ጎማ የተለጠፈባትን አሮጌ ሰንደል ጫማውን ከግድግዳው ሥር አንደኛ አድርጎ ያኖራል። ሥራ መግቢያ ሰዓት ሲደርስ ወጥቶ በከዘራው ጫፍ ጫማ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከሞላ «ማሻ አላህ፣ ሁሉም ገብቷል» ብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከጎደለ መነጽሩን ይወለውላል። ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ እንደገና ይቆጥራል።

ውስጥ ገብተን ምን እንደምንሠራ አይጠይቅም ነበር። ስልክ ይጮህ አይጮህ፣ ነጋዴው ይርካ ይማረር፣ ጫማ እስካለ ድረስ ሥራ አለ። «ጋሽ ጃማ፣ ለምን አታምነንም?» ስንለው የሚመልሰው ያችኑ ተረት ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።» ድሬዳዋ በወረቀት ፋንታ ምላሱ ላይ ጽፋ የላከችው ይመስል በቀን አምስቴ ይላታል።

ሆዳን ይህን ዘዴ ለማሸነፍ ጊዜ አልፈጀባትም። ጅግጅጋ ያደገች፣ ከሁላችንም ታናሽ፣ ማርፈድ የምትወድ ልጅ ናት። አንድ ቀይ ጫማ ገዝታ በር ላይ ተከለችው። ማታ ሌላ ጫማ አድርጋ ትሄዳለች፤ ቀዩ እዚያው ያድራል። ጠዋት ጋሽ ጃማ ሲቆጥር ሆዳን ገብታለች፤ ሆዳን ግን ገና ቤቷ ፊቷን እየታጠበች ነው። ስትደርስ በጓሮ በር ትገባለች። ወራት ሄደ። ታዲያ አንድ ዓርብ፣ ቢሮ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ጋሽ ጃማ የረሳውን መነጽር ሊወስድ ብቅ ሲል ቀዩን ጫማ ብቻውን ቆሞ አገኘው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ባለንበት ጠራት።

«ሆዳን፣ ትናንት ስላንቺ ተጨንቄ ዋልኩ።»

«ለምን፣ ጋሽ ጃማ?»

«በባዶ እግርሽ ቤትሽ የሄድሽ መስሎኝ።»

እኛ ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ሆዳን በመጋረጃው ተሸፈነች። አልቀጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጫማ ሲቆጥር ጎንበስ ብሎ ይነካ ጀመር፤ ሙቀት አለው የለውም ብሎ መሰለኝ።

በዚህ መሀል እኔ ሱመያን ወለድኩ። የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ቀን መቁጠር ጀመርኩ። አማቴ እድሜዋ ገፍቷል፣ ጉልበቷ አይታዘዛትም፤ ሕፃን ሙሉ ቀን ልትይዝልኝ አትችልም። ሰው መቅጠር አቅሜ አይደለም። ሥራውን ብለቅ ደግሞ ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ መድኃኒት የምትገዛው በኔ ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። ጠረፍ ላይ የቆመ መኪና በኔ አንድ ስልክ ሲንቀሳቀስ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ላስረዳው አልችልም። ለጋሽ ጃማ መልቀቂያዬን ልነግረው ቀን ስቆርጥ፣ አላህ ዝናብ ላከ። የቢሮው ጣሪያ ኮርኒሱን ይዞ ምንጣፉ ላይ ተዘረገፈ። እግዜር ይስጠው ያልኩት ጣሪያ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ከዱባይ የድርጅቱ ባለቤት ደውሎ «እስኪጠገን ሁሉም ላፕቶፑን ይዞ ከቤቱ ይሥራ» አለ። ባለቤቱ ሙሂዲን ይባላል፤ ድርጅቱን ያቋቋሙት ሟቹ ሐጂ ናቸው፤ እሱ ልጃቸው ነው። እኔ ሱመያን አቅፌ ዘለልኩ። ጋሽ ጃማ ግን የሚቆጥረው ጫማ አጣ፤ ሰውየው ታመመ ማለት ይቀላል። ሁለት ቀን ታግሦ በሦስተኛው ትእዛዝ አወጣ፦ ካሜራ ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ይሁን፤ ሁላችሁንም እያየኋችሁ እውላለሁ።

እንግዲህ ይህን ትእዛዝ ሌላ አገር ያለ አለቃ ቢያወጣው ምን እንደሚሆን አላውቅም። እዚህ ግን ሰው ቤትህ ከገባ እንግዳ ነው፤ በበር ይግባ በካሜራ ልዩነት የለውም። አማቴ፣ ሆዮ ኸዲጃ እላታለሁ፣ ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው፣ ገና በመጀመሪያው ጠዋት የሰውየውን ፊት ላፕቶፑ ላይ ስታይ ሻርፗን አስተካክላ ሻይ በወተት አፈላች። ስኒውን ከላፕቶፑ ፊት አስቀመጠችለት። ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀችው። ትልቅ ሰው ሰላምታ ሲሰጥ ዝም ይባላል? አይባልም። ጋሽ ጃማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ እየመለሰ ዋለ። የሌሎቹ አምስት ቤቶችም እንዲሁ ነው። እናት አለ፣ አክስት አለ፣ ስኳር ልትበደር የመጣች ጎረቤት አለ። እኛ ቤት ደግሞ «የዘይነባ አለቃ ሳሎን ተቀምጧል» ተብሎ ሊጠይቁት የሚመጡም ነበሩ። ሰውየው በአንድ ጊዜ ስድስት ቤት እንግዳ ሆኖ፣ ስድስት ቤት ሰላም ሲል ይመሽበታል።

የሆዳን ቤት ደግሞ ግቢው ለፍየል ክፍት ነው። አንድ ቀን ሆዳን ውኃ ልትጠጣ ስትነሳ አንዱ ወጠጤ ገብቶ ወንበሯ ላይ ወጣ። ጋሽ ጃማ በስድስታችንም ማዳመጫ ውስጥ «ሆዳን፣ ይህን ጢም ከመቼ ወዲህ ነው ያሳደግሽው?» አለ።

ሳቅን፤ ግን ሳቁ አልቆየም። በዚያ ሙቀት ከጠዋት እስከ ማታ ተሸፋፍነን፣ ጀርባችንን አቅንተን፣ ዓይናችንን ስክሪን ላይ ተክለን እንውላለን። ሱመያ ስታለቅስ ላጠባት ወደ ጓዳ ስገባ «ዘይነባ የት ናት? ወንበሩ ባዶ ነው!» የሚል ድምፅ ይከተለኛል። ሆዳን ባዶ ኪቦርድ መደብደብ ለመደች፤ እኔም ስልኩ ላይ ካለው ሰው ይልቅ ካሜራው ላይ ያለው ፊቴ ያሳስበኝ ጀመር። የምንቀመጠው ሠራተኛ ለመምሰል እንጂ ለመሥራት አልነበረም። ሰው እየተጠረጠረ ሲውል እጁ ይከብደዋል፤ ልቡም ይሸፍታል። ስልክ ሳይነሳ መቅረት ጀመረ፤ ነጋዴዎቹ ተማረሩ፤ ጋሽ ጃማ ሲማረሩ በሰማ ቁጥር ዓይኑን ይበልጥ ወደ ካሜራው አስጠጋ። እወደው የነበረውን ሥራ ጠላሁት። ጣሪያው ይጠገን ብዬ አልጸልይ፣ ቢሮ ብመለስ ሥራዬን አጣለሁ፤ አይጠገን ብዬ አልጸልይ፣ ይህም ኑሮ አልሆነም።

የገላገለችን ሆዮ ኸዲጃ ናት። አንድ ጠዋት ያቀረበችውን ሻይ ቀዝቅዞ ስታየው እኔን ገለል አድርጋ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ከላፕቶፑ ፊት ለፊት ተፋጠጠች። ጅግጅጋ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ያጠራችው አማርኛ አላት፤ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ጀመረች።

«ጃማ፣ የነማን ልጅ ነህ?»

አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠራላት።

«ደህና ቤተሰብ ነው። ታዲያ ምነው አላስተማሩህ? እንግዳ ሲመጣ ያንኳኳል፣ ሰላም ይላል፣ ዜና ይጠይቃል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። አንተ ሳታንኳኳ ገባህ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልጠጣህም። እንግድነት ሦስት ቀን ነው፤ አንተ ሁለተኛ ወርህን ይዘሃል። ልጄ መንገድ ላይ ነው። ባሏ በሌለበት ቤት ሙሉ ቀን ተቀምጠህ ሚስቱን የምታይ፣ አንተ ማነህ?»

ክው አልኩ። ጋሽ ጃማ መነጽሩን አወለቀ። ወለወለ። ወለወለ። ፊቱ ከሂናው ጢሙ በላይ ቀላ። ከዚያ ካሜራውን አጠፋ፤ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሥራዬ አለቀ ብዬ ሱመያን አቅፌ አለቀስኩ። ሆዮ ኸዲጃ ግን የቀዘቀዘውን ሻይ እራሷ ጠጣችው።

ከዐስር ሶላት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ጃማ ሐልዋ በእጁ ይዞ፣ ለሱመያ ልብስ ገዝቶ፣ ከበሩ ውጭ ቆሟል።

«ሆዮ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ልግባ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። አሁን ሰው ሆንክ፤ ግባ።»

ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ሻይ ሲቀርብለት አንዱን ጨልጦ ሌላ ጠየቀ፣ ሌላውንም ጨልጦ ሌላ። «ያለፉትንም ላወራርድ ብዬ ነው» አለ። ሆዮ ኸዲጃ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ያ ተጠራጣሪ ሰው፣ «ዘይነባ፣ አስቸግሬሻለሁ፣ አውፍ በይኝ» አለኝ። አንጀቴን በላው። በዚያው ምሽት አምስቱንም ቤቶች በየተራ አንኳኩቶ ይቅርታ ጠየቀ። በስድስተኛው ቤት ሻይ ሲቀርብለት እጁን እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ ማንሳቱን ሰምተናል።

በማግስቱ ጠዋት በካሜራ ሳይሆን በስልክ መጣ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዘይነባ። ዜና ስጪኝ።»

የዚህ አገር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዜና ይለዋወጣል፤ ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ሰላሙ፣ ቀጥሎ ዝናቡ፣ ቀጥሎ የሰው ጤና፣ ከዚያ ገበያው። ጋሽ ጃማ ይህንኑ የአያቶቹን ሥርዓት አምጥቶ የሥራ ስብሰባ አደረገው። ሰላም ናችሁ? ሰማዩ እንዴት ነው? ሱመያ እንዴት አደረች? ከዚያ ወደ ሥራው፦ የትኛው መኪና ቆሟል? ማን ተማረረ? መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአፉ ሰምቼው የማላውቀው ነገር፦ «እኔ ምን ላግዝሽ?» ከዚያ «በይ፣ ሄድኩ» ይላል፤ ይሄዳልም። እውነትም እንግዳ ሆነ።

ደስታዬ ይህ ነው የሚባል አይደለም። ማንም ሳያዘኝ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልክ ማንሳት ጀመርኩ፤ ሾፌሮቹ ጠረፍ ላይ የሚሰለፉት ያን ሰዓት ነውና። ጫማ በሚቆጠርበት ዘመን ቢሮው እስኪከፈት ያ ሁሉ ሰው በከንቱ ይደውል ነበር። ሱመያ ስትተኛ እሠራለሁ፤ ስታለቅስ ለአንዷ ጓደኛዬ «ያዥልኝ» እላለሁ፣ እሷም ሶላቷ ሲደርስ ለኔ ትሰጠኛለች። ነጋዴዎቹ «ምን ተገኘ? አዲስ ሰው ቀጠራችሁ እንዴ?» ይሉን ጀመር። ጋሽ ጃማም በየጉምሩኩ ደጅ ስለኛ ይሟገት ያዘ፤ ለካ ጫማ ከመቁጠር የተረፈው ጉልበት ብዙ ነበር።

ሁሉም ቤቱ ተመቸው ማለቴ አይደለም። ሆዳን ሰባት ታናናሾች አሏት፤ ጩኸቱ አሰከራት። «እኔ ቢሮዬን እፈልጋለሁ፣ ወሬያችሁንም እፈልጋለሁ» ብላ ታለቅስ ነበር። ጋሽ ጃማ ይህንንም በዜናው መሀል ሰማ።

ጣሪያው ተጠገነ። በዚያው ሳምንት ከዱባይ ሙሂዲን ደወለ፦ ከወሩ መጀመሪያ ሁሉም ቢሮ ይግባ፤ የማይገባ ይሰናበት፤ እኔም መጥቼ አያለሁ። ጋሽ ጃማ ይህን ሲነግረኝ ደረቴ ላይ የተኛችውን ሱመያን አየኋት።

«እንግዲያው እኔ እለቃለሁ፣ ጋሽ ጃማ» አልኩት። «ሱመያን የማስቀምጥበት የለኝም።»

በስልኩ ውስጥ የጨርቅ ፍትጊያ ብቻ ተሰማኝ። መነጽሩን እየወለወለ እንደሆነ አወቅኩ።

ሙሂዲን ከመድረሱ በፊት ጋሽ ጃማ በትንሿ መኪናው ቤቴ መጣ። አንኳኳ፣ ሰላም አለ፣ ሻዩን ጠጣ። ከዚያ «ከጫማሽ ሁሉ ደህናውን ስጪኝ» አለ።

«ለምን?»

«ሥራ ሊገባልኝ ነው።»

ሆዮ ኸዲጃ ወደኔ ጠጋ ብላ «ሰውየው ነካ አድርጎታል፣ ዝም ብለሽ ስጪው» አለችኝ። ለሰርጌ የገዛሁትን ነጭ ጫማ ሰጠሁት። ከሁሉም ቤት እንዲሁ ሰበሰበ፤ ከሆዳን ያንኑ ቀዩን።

የሆነውን ግማሹን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፤ ግማሹን ራሱ ጋሽ ጃማ ደጋግሞ፣ በየጊዜው እያሳመረ ነግሮናል። ሙሂዲን ሻንጣውን ይዞ ከመኪና ሲወርድ ጋሽ ጃማ በር ላይ ተቀበለው። ከግድግዳው ሥር ስድስት ጥንድ የሴት ጫማ ተደርድሯል። ጋሽ ጃማ በከዘራው ጫፍ ቆጠረለት።

«ስድስት። ማሻ አላህ፣ ሁሉም ገብቷል።»

«ይኸው!» አለ ሙሂዲን። «ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ሁሉም በሰዓቱ!»

ገቡ። ምንጣፉ አዲስ፣ ወንበሮቹ ገና ላስቲካቸው ያልተቀደደ። አንድም ሰው የለም። ሙሂዲን አንዱን ክፍል ከፍቶ ሌላውን ከፈተ። ጋሽ ጃማ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። ጠዋት «መስመሩን አትዝጊ፣ ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ» ብሎኝ ነበር፤ ለካ ለዚህ ነው። እኔ በሌላው ስልኬ ቶጎ ውጫሌ የቆመ አንድ ሾፌር ይዣለሁ። «ወንድሜ፣ ከሰልፉ እንዳትወጣ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ልኬልሃለሁ፣ ስልክህ ላይ አሳያቸው» እያልኩ ነው። ሾፌሩም «አሳለፉኝ! አላህ ያክብርሽ እህቴ!» ይላል። በዚህ መሀል ሱመያ ነቅታ በሙሉ ጉሮሮዋ ለቀቀችው።

«ሕፃን ነው እንዴ የሚያለቅሰው?» አለ ሙሂዲን በሶማልኛ።

«አዎ፣ ሕፃን ነው» አለ ጋሽ ጃማ። «ሕፃኑ እያለቀሰ መኪናው አለፈ። አምና ሕፃን አልነበረም፣ ጫማ ነበር። መኪናው ግን እዚያው ቆሞ ያድር ነበር።»

«ታዲያ በር ላይ ያሉት ጫማዎች?»

«እነሱ አንተ የምትፈልጋቸው ሠራተኞች ናቸው። አያረፍዱም፣ አይወልዱም፣ አይታመሙም፣ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ስልክ ግን አያነሱም።»

እኔ ሱመያን ደረቴ ላይ ለጥፌ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ጣልኩ።

«ልጄ» አለ ጋሽ ጃማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ካባትህ ጊዜ ጀምሮ ጫማ ነው ሳስተዳድር የኖርኩት። አንድ አሮጊት ናት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰችኝ። አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ቶሎ ንቃ።»

መጀመሪያ የሰማሁት የሙሂዲንን ሳል ነው። ከዚያ ሳቅ ሆነ። እስኪበቃው ሳቀና «አቶ ዘመናዊ! እሺ፣ እንደ ፈለግክ አድርግ፤ ነጋዴ ከተማረረ ግን ያንተን ጫማ ነው የማስወጣው» አለ። ቤት የተመቸው ቤቱ፣ ቢሮ የተመቸው ቢሮ ይሥራ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁሉም ይገናኝ ተባለ። ሆዳን በማግስቱ ወንበሯን ያዘች። እኔ ጩኸቴን ለቀቅኩት፤ ሱመያ ደንግጣ ዝም አለች፤ ሆዮ ኸዲጃ በሩቁ እልል አለች። ነጭ ጫማዬ በዚያው ቀን ተወልውሎ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው ሳይሰናበተን የሄደው።

በቀደም ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ቢሮ ተገናኘን፤ ሁላችንም ፊታችንን ጥለን። ደረጃውን ስንወጣ ሆዳን ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ከግድግዳው ሥር፣ አንደኛ ቦታ ላይ፣ ያቺ ጎማ የተለጠፈባት ሰንደል ጫማ ቆማለች።

«ጋሽ ጃማ!» ብላ ሮጠች። እኛም ተከተልናት። ክፍሉ ባዶ ነው። ወንበሩ ተስተካክሎ ቆሟል፣ ጠረጴዛው ተጠርጓል። ዘበኛው ከኋላችን መጥቶ «እዚያው ትሁን፣ ማንም እንዳያነሳት ብሎኛል» አለ።

ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። ነፋስ ይነፍሳል፣ ግመል ያጓራል፤ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ዘይነባ። በር ላይ ስንት ጥንድ አለ?»

ስድስታችንንም በዓይኔ ቆጠርኩ፤ በመጨረሻ በር ላይ ያለችውን የሱን ሰንደልም።

«ሰባት» አልኩት።

«ማሻ አላህ፤ እንግዲያው ሁሉም ገብቷል። በሉ፣ ዜና ስጡኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ምንጣፉ መሀል አስቀመጥኩት። ዙሪያውን ተቀመጥንና ከዝናቡ ጀመርንለት።